ሰም፣ ሰዓት፣ ሰንሰለት፦ እንግሊዞች አእምሮን የሣሉባቸው ዕቃዎች

ድሮ ሰው ሲደክመው «ዛልኩ» ነበር የሚለው። አሁን «ቻርጅ ጨረስኩ» ይላል። ነገር ሲጠፋው «ጭንቅላቴ ስታክ አደረገ»፣ ጓደኛው ቶሎ ካልገባው ደግሞ «ዛሬ ኔትወርክ የለህም»። እንዲህ የሚያወራ ሰው ራስ ቅሉ ውስጥ ባትሪ አለ ብሎ አያምንም። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ከእጁ ስለማይለይ ግን ስለ ራሱ ሲናገር ቀድሞ አፉ ላይ የሚመጣለት እሱው ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ነገሩ ወዲያም ወዲህም ሆኗል። ኮምፒውተሩ «ይማራል»፣ «ያስታውሳል»፣ «ያስባል»፤ እኛም «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ብለን አስተውሎትን የሚያህል ቃል አልብሰነዋል። ሲሳሳት «ቃዠ» ይባላል። የካምብሪጅ መዝገበ ቃላት ለ2023 የዓመቱ ቃል አድርጎ የመረጠው ይህንኑ የመቃዠት ግስ ነበር። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ ከራሱ ፈጥሮ የሰጣቸውን፣ የትም ተሰጥተው የማያውቁ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው ለዳኛ አቀረቡና 5,000 ዶላር ተቀጡ።

«ቃዠ» የዋህ ቃል ይመስላል። ነገር ግን የቃዠ ሰው አይከሰስም፤ ወይ እንቅልፍ ላይ ነው፣ ወይ ትኩሳት ይዞታል። ቃሉን የተቀበልን ጊዜ ጥፋቱን ካለበት አንስተን ማንም ላይ እንዳያርፍ አድርገነዋል። ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የመለሰኝ ይህ ነው። የዚያ ዘመን ጸሐፍት ለአእምሮና ለልብ ምስል ሲመርጡ ጭቅጭቃቸው ስለ ቋንቋ ውበት ብቻ አልነበረም። አእምሮ ወረቀት ነው ካልክ ጸሐፊ ትፈልጋለህ፤ ባሪያ ነው ካልክ ጌታ ትፈልጋለህ፤ መርከብ ነው ካልክ ጥፋቱን ነፋሱ ላይ ታላክካለህ። እያንዳንዱ ተለዋጭ ዘይቤ ከነተጠያቂው ነው የሚመጣው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ወጉ የሚጀምረው ክፍለ ዘመኑ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ከፈላስፋው ከጆን ሎክ ነው። ሎክ ስለ ሰው ልጅ መረዳት የጻፈው ትልቁ ድርሰት የወጣው በ1689 መጨረሻ ሲሆን ሽፋኑ ላይ የታተመው 1690 ነው። እስኪ አእምሮን ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት ነው እንበል ይላል። ታዲያ በላዩ ያለው ይህ ሁሉ ሐሳብ ከየት መጣ? መልሱን በአንድ ቃል ይሰጣል፦ ከልምድ።

ሎክ ግን በወረቀቱ አልጸናም። አንዳንድ ገጽ ላይ አእምሮ ባዶ ሣጥን ነው፤ የስሜት ሕዋሳት ዕቃ እያመጡ ይሞሉታል። ሌላ ቦታ ከጥቂት ጠባብ ቀዳዳዎች በቀር ብርሃን የማይገባው ዝግ ክፍል ይሆንና የውጩ ዓለም ምስል በቀዳዳው ሾልኮ ይገባል። ሌላ ቦታ ደግሞ ነርቮች የውጭውን መልእክት ተቀብለው የሚያቀርቡበት የንጉሥ እልፍኝ ነው። ትዝታ መጋዘን ነው። ትዝታው መደብዘዝ ሲጀምር ግን መጋዘኑ ይቀርና ሎክ ከሣላቸው ሁሉ እኔ የማስበልጠው ምስል ይመጣል። የወጣትነት ሐሳቦቻችን፣ እንደ ወጣትነት ልጆቻችን፣ ብዙ ጊዜ ቀድመውን ይሞታሉ ይላል፤ አእምሯችንም ወደፊት የምንገባበትን መቃብር ይመስላል፤ ናሱና እብነ በረዱ እንደቆመ ጽሑፉ በዘመን ተፍቋል። እናቱ ስሙ የጠፋባት ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ለአማርኛ አንባቢ የሎክ ዝግ ክፍል ብዙም እንግዳ አይደለም። እኛ ነገር ስንረዳ «ገባኝ» ነው የምንለው። ማን ገባ? በየት በኩል? ቋንቋችን ሎክ ከመወለዱ በፊት ለአእምሮ በር አበጅቶለታል። «ግንዛቤ ጨበጠ» ስንል ደግሞ እጅ እንሰጠዋለን።

የሚደንቀው፣ ይህ ሰው በዘይቤ መናገርን አጥብቆ የሚኮንን ሰው መሆኑ ነው። የንግግር ጥበብ የፈለሰፈው ምሳሌያዊ አነጋገር ሁሉ የተሳሳተ ሐሳብ ለማስረግ፣ ስሜት ለመቀስቀስና ፍርድን ለማሳት እንጂ ለሌላ አይውልም፤ ፍጹም ማጭበርበር ነው ብሎ በዚያው መጽሐፍ ጽፏል። ወረቀቱን፣ ሣጥኑን፣ መቃብሩን ሲጠቀም ግን እጁ አልተንቀጠቀጠም። ምክንያቱንም ሳያውቀው የቀረ አይመስለኝም፤ ጥቂት ምዕራፎች ቀደም ብሎ የማይታዩ ነገሮች ስም ሁሉ ከሚታዩ ነገሮች የተበደረ ነው፣ መንፈስ የሚለውም ቃል ሥሩ ትንፋሽ ነው ብሎ ነበር። የእኛም «መንፈስ» ከ«ነፈሰ» ነው። ስለ አእምሮ ያለ ምስል ልናገር የሚል ሰው ገና «መንፈስ» ከማለቱ ነፋስ አንሥቷል።

በሎክ መጽሐፍ ስለ ልጆች ፍርሃት የሚያወራ አጭር ቦታ አለ። ጨለማና ጭራቅ በተፈጥሯቸው ዝምድና የላቸውም፤ አንዲት ሞኝ የቤት ሠራተኛ ግን ሁለቱን እያጣመረች ለሕፃኑ ደጋግማ ካወራችለት ዕድሜ ልኩን ሊለያያቸው ላይችል ይችላል። ወረቀቱ ንጹሕ ነበር፤ ያበላሸችው ሠራተኛዋ ናት። ሕፃን ከነኃጢአቱ ይወለዳል ሲባል በኖረ አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ባዶ ወረቀት የአዳም ዕዳ የለበትም። ዕዳው ወደ ወላጅ፣ ወደ አስተማሪ፣ ወደ ሞግዚት ይዞራል። ሎክ በ1693 ስለ ልጆች አስተዳደግ ባሳተመው መጽሐፍ ከምናገኛቸው አሥር ሰዎች ዘጠኙ ደግም ሆኑ ክፉ፣ የሆኑትን የሆኑት በአስተዳደጋቸው ነው ብሏል። በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ላይ ዛሬም የምንሰማው ክርክር ከዚያ ወረቀት የወጣ ነው።

በ1759 መጨረሻ ላውረንስ ስተርን የሚባል የዮርክሻየር ቄስ «ትሪስትራም ሻንዲ» የተባለ ልብ ወለዱን የመጀመሪያ ሁለት ቅጾች አወጣ። ሎክ የወቀሳት ሠራተኛ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ሥራ ይጠብቃታል። ተራኪው ትሪስትራም አንድ ተቺ አንባቢውን ይይዝና የሎክን ፍልስፍና በቀላሉ ላስረዳህ፤ ዶሊን፣ የቤት ሠራተኛህን ጥራት፤ ይህን ነገር እሷም ከታላላቆቹ ፈላስፎች እኩል እንዲገባት ካላደረግሁ ጉድ በለኝ ይላል።

ዶሊ ሮቢን ለሚባለው ወዳጇ ደብዳቤ ጽፋ ጨርሳለች። ቀኝ ጎኗ ላይ የተንጠለጠለ ኪሷ ውስጥ እጇን እስከ ታች ድረስ ሰዳለች። የምትፈልገው አንዲት ኢንች የምትሆን ቀይ የማኅተም ሰም ናት። የሰውን የማስተዋል ችሎታ ከዚህች ሰም የበለጠ የሚያስረዳ ነገር በዓለም የለም ይላል ተራኪው። ሰሙ ቀልጦ ደብዳቤው ላይ ይንጠባጠባል፤ ዶሊ ልብስ ስትሰፋ ጣቷ ላይ የምታጠልቀውን የብረት ቆብ ትጭንበታለች፤ የቆቡ ነጠብጣብ ይቀረጻል። ሐሳብም እንዲሁ ነው። ሦስት ነገር ግን ሊያበላሸው ይችላል። ዶሊ ቆቡን ስትፈልግ ከዘገየች ሰሙ ይደርቅና አይቀበልም። ሰሙ ተራ የንብ ሰም ከሆነ ይቀበላል እንጂ አይዝም፤ የቱንም ያህል ብትጫነው። ሦስተኛው፣ ሰሙም ቆቡም ደህና ሆኖ ሳለ እመቤቷ ደወሉን ስትደውል በጥድፊያ ትጫነዋለች። ያን ጊዜ የሚወጣው ቅርጽ ከቆቡ ጋር ምኑም አይገናኝም።

ሰው ሁሉ በዚህ ቦታ ቀልዱን ያደንቃል። እኔን የሚይዘኝ ደወሉ ነው። ሎክ ስለ ሐሳብ መደብዘዝ ሲያወራ አእምሮው የማን እንደሆነ አይነግረንም፤ ጊዜ ያለው፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ የማንም ሰው አእምሮ ነው። ስተርን ግን አንዲት ቃል ጣል አደረገና አእምሮ ሥራ ያለበት፣ የሚጠራው ሰው ያለው፣ የሚጣደፍ ነገር ሆነ። የተረጋጋ ማኅተም ለማተም ደወል የማይደወልብህ ሰው መሆን አለብህ። ስተርን ይህን አስቦት ይሁን አይሁን አልከራከርም፤ ገጹ ላይ ግን አለ።

ከዚያም ሁሉን ያፈርሰዋል። ይህን ሁሉ ያወራነው የአጎቴ ቶቢ ንግግር ለምን እንደሚወሳሰብ ለመግለጽ ነበር፤ ነገር ግን ከሦስቱ አንዱም ምክንያቱ አልነበረም ይላል። ቶቢን ግራ ያጋባው ሰሙ አይደለም፣ ቃላት ናቸው፤ አንድ ቃል ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ እየሆነበት ነው። በሰምና ወርቅ ላደገ አንባቢ ይህ ጥሩ ቅኔ ነው፦ ሰሙን ስናፍታታ ቆየን፣ ወርቁ ሌላ ቦታ ተቀብሮ ነበር።

የተጠያቂነቱም ጉዳይ እዚያው መጽሐፍ መክፈቻ ላይ በሣቅ ይመጣል። የትሪስትራም አባት በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ማታ የቤቱን ትልቅ ሰዓት ይሞላል፤ ሌላውንም የጋብቻ ግዴታውን እዚያው ቀን ይፈጽማል። ሚስቱ ሁለቱን ነገሮች ሳታውቀው ስላጣመረቻቸው፣ ትሪስትራም ሊፀነስ ባለበት ሰዓት «ውዴ፣ ሰዓቱን መሙላት ረሳኸው እንዴ?» አለችው። ልጁ የሕይወቱን መከራ ሁሉ በዚያች ጥያቄ ያመካኛል። ጨለማና ጭራቅ ያጣመረችው ሠራተኛ እዚህ ሰዓትና አልጋ ያጣመረች እመቤት ሆናለች።

ልብን በተመለከተ ጸሐፊውን ጆሴፍ አዲሰንን የሚያህል የለም። በ1712 ጥር ወር «ስፔክቴተር» በተባለው የለንደን ዕለታዊ ጋዜጣ ሁለት የሕልም ጽሑፎች አወጣ። በመጀመሪያው ሐኪሞች የአንድ ቄንጠኛ ወጣት ጭንቅላት ይከፍታሉ። ውስጡ ሪባን፣ ጥልፍና የፍቅር ደብዳቤ ታጭቋል። ለመጥቀስና ለመሽኮርመም የሚያገለግለው የዓይን ጡንቻ ከብዙ ሥራ የተነሣ ተበልቷል፤ ዓይንን ወደ ሰማይ የሚያነሣው ጡንቻ ግን አንድም ቀን የተነካ አይመስልም።

በሁለተኛው ተራው የአንዲት አሽኮርማሚ ሴት ልብ ነው። ልቡን ከከበበው ሽፋን ውስጥ የተገኘውን ፈሳሽ ከሐኪሞቹ አንዱ በሙቀት መለኪያ ብልቃጥ ውስጥ አድርጎታል፤ ብልቃጡ ግን የአየር ሁኔታን አይለካም። ላባ ያለው ባርኔጣ ወይም ጥልፍ ካፖርት የለበሰ ሰው ሲገባ ፈሳሹ ሽቅብ ይወጣል፤ ዊጉ የተንሻፈፈ ወይም ጫማው የከበደ ሲመጣ ቁልቁል ይወርዳል። ልቡ ራሱ ሙልጭልጭ ያለ፣ እጅ ላይ የማይረጋ ነው። መጨረሻ ላይ ፍም ላይ ይጥሉታል፤ ሳይቃጠልና ሳይጠቁር እሳቱ መሐል ይቀመጣል። ተሰብስበው ሲደነቁ በረጅሙ ተንፍሶ ጢስ ሆኖ ይበናል። ገጣሚው አሌክሳንደር ፖፕም በዚያው ዘመን የለንደን ወይዛዝርትን ልብ ጌጣጌጥ የሚሸጥበት ተንቀሳቃሽ ሱቅ ብሎታል፤ ዛሬ መርካቶ ብናወርደው አርቴፊሻል ጌጥ ቤት ይሆናል። ቀልዱ ለወንዱም ለሴቷም እኩል የደረሰ ይመስላል፤ ነገር ግን ወንዱ የተቀለደበት በጭንቅላቱ፣ ሴቷ በልቧ ነው። ክፍፍሉን ልብ በሉ።

«ልብ በሉ» አልኩ። እዚህ ጋ ነው አማርኛ ከእንግሊዞቹ ጋር የማይስማማው። እነዚህን ጽሑፎች ወደ አማርኛ ልመልስ ብሎ የተቀመጠ ሰው ቀድሞ የሚጋጨው ከዚህ ቃል ጋር ነው። የእንግሊዙ ልብ ይወዳል፣ ይራራል፣ ይሰበራል፤ ማሰቡን ለጭንቅላት ትቶታል። የእኛ ልብ ግን ያስባል። ልብ የማይል ሰው አያስተውልም፤ ልበ ቢስ ይረሳል፤ ልብ የገዛ ሰው ጎልምሷል፤ ልብ ወለድ ከልብ ይወለዳል። ልቡ የሸፈተ ሰው ጫካ ባይገባም ቤቱን ጥሏል። «ቀልብ» ራሱ በዐረብኛ ልብ ማለት ሲሆን ወደ እኛ ሲመጣ ትኩረት ሆኗል። ርኅራኄን ደግሞ ወደ ታች አውርደን ለሆድና ለአንጀት ሰጥተናል፦ ሆዴ ባባ፣ አንጀቴን በላው። ስለዚህ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ትልቁ ክርክር፣ ጭንቅላት ልብን ይግዛ ወይስ ልብ ጭንቅላትን፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ ጉልበቱ ይላላል። አንድ ቤት ውስጥ ያሉትን ሁለት ሥራዎች ባልና ሚስት አድርገን ካላጣላናቸው በቀር።

ስተርን ሰው ደረቱ ላይ የመስተዋት መስኮት ቢኖረው የሚለውን የጥንት ግሪኮች ተረት ያነሣል። መስኮቱ ቢኖር ወንበር ስቦ፣ ቀፎ ውስጥ ንብ እንደሚያይ ሰው ነፍስን ዕራቁቷን ማየት ይቻል ነበር ይላል፤ መስኮቱ ስለሌለ ደራሲ ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት። የእኛ አባቶች መስኮት አላሰቡም፤ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ብለው ጠላውን ጠመቁ። ደራሲውና ሐያሲው ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ በ1768 ሁለት ልብ ወለድ ጸሐፊዎችን ሲያነጻጽር ሰዓት ነበር ያነሣው። ሪቻርድሰን ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ፊልዲንግ ግን የሰዓቱን ፊት አይቶ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚናገር። ለፊልዲንግ ጭካኔ ነበረበት፤ ምስሉ ግን ከቄሱ መስተዋት ይልቅ ለእውነት የቀረበ ይመስለኛል፦ የሰው ልብ ሲከፈት የሚታየው ሥዕል አይደለም፣ የሚገፋፋ የሰዓት ጥርስ ነው።

አሁን ወደ ሥልጣን እንምጣ። ፖፕ በ1733 እና 1734 ባሳተመው ስለ ሰው በሚያወራው ረጅም ግጥሙ ሕይወትን ውቅያኖስ አደረገ፤ አመክንዮ ኮምፓስ ነው፣ ስሜት ደግሞ ነፋሱ። ኮምፓስ አቅጣጫ ያሳያል እንጂ መርከብ አያንቀሳቅስም። እያንዳንዱ ሰው ውስጥ አንድ ገዥ ስሜት አለ፣ ሌሎቹን እንደ አሮን በትር ይውጣቸዋል ሲልም አከለበት። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1739 ከዚህ አልፎ ሄደ፤ አመክንዮ የስሜት ባሪያ ነው፣ መሆን ያለበትም ያው ብቻ ነው አለ።

ጆንሰን ይህን አልታገሠም። በ1779 እና 1781 መካከል ባወጣው የባለቅኔዎች ሕይወት መጽሐፉ የፖፕን ገዥ ስሜት ሐሰት ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው ብሎ አወገዘው። ይህን የተቀበለ ሰው፣ ይላል፣ ላማረው ነገር ሁሉ እጁን ይሰጣል፤ ከዚያም የተፈጥሮን ሕጋዊ አገዛዝ የታዘዘ እየመሰለው ራሱን ይሸነግላል። የጆንሰን ክስ «ቃዠ» ላይ እንዳለ ሊገለበጥ ይችላል። ችግሩ ምስሉ የተሳሳተ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ምስሉ ለአንድ ሰው ይመቸዋል።

ስለ ባርነት ያነሣሁትን ሳልጨርስ ላልፍ አልችልም። ሂዩም «ባሪያ» ሲል፣ ገጣሚዎቹ «የስሜት ሰንሰለት»፣ «የፍቅር እስረኛ» ሲሉ ሰንሰለቱ ቃል ብቻ አልነበረም። ብሪስቶልና ሊቨርፑል ወደብ ላይ የብረት ሰንሰለት በመርከብ ይጫን ነበር። ሎክ ራሱ ባርነት ለሰው የማይገባ ውርደት ነው ብሎ የጻፈ ሰው ነው፤ በ1670ዎቹ ደግሞ የሮያል አፍሪካን ኩባንያ ባለ አክሲዮን ነበር። ለነዚህ ሰዎች ሰንሰለት ጥሩ ምስል የሆነው እግራቸው ላይ ስላልነበረ ነው።

እግሯ ላይ የነበረባትም ግን ጽፋለች። በ1761 አንዲት የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ከምዕራብ አፍሪካ ቦስተን ወርዳ ተሸጠች። ያመጣት መርከብ «ፊሊስ» ይባል ስለነበር ስሟን ፊሊስ አሏት፤ የአባት ስም የገዛት ቤተሰብ ሰጣት፣ ዊትሊ። በ1773 ለንደን ውስጥ የግጥም መጽሐፍ አሳተመች። የጻፈችው እሷ ስለመሆኗ 18 የቦስተን ታላላቅ ሰዎች የፈረሙበት ማረጋገጫ ከመጽሐፉ ጋር ታትሟል። ከግጥሞቿ አንዱ ስለ ምናብ ነው። ምናብ ወዲያ ወዲህ ሲበር የሚወደው አንድ ነገር ዓይኑ ይገባል፤ የዚያ ነገር የሐር ሰንሰለት የስሜት ሕዋሳትን ሁሉ ያስራል፣ አእምሮንም ለስላሳ ምርኮ ይከብበዋል ትላለች።

ሐር። ለስላሳ። ያን ዘመን የለመደ አንባቢ እነዚህን ስንኞች ሳይጨነቅ ያልፋቸው ነበር፤ መቶ ሰው የጻፈው ዓይነት ዘይቤ ነውና። የጻፈችው ግን መጽሐፉ ሲታተም ገና የሰው ንብረት የነበረች ሴት ናት። አንዳንዱ ይህን የተውሶ ጌጥ ነው ይላል። እኔ አይመስለኝም። ሰንሰለት ምን እንደሚመስል የምታውቅ ሰው ሐር የሚለውን ቃል ስትመርጥ፣ ሌላም ዓይነት ሰንሰለት እንዳለ እያስታወሰች ነው፤ የምትመርጠው የእስር ዓይነት ይኼኛው መሆኑን እየነገረችን ነው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሜሪ ዎልስቶንክራፍትም በ1792 ስለ ሴቶች መብት ስትጽፍ ተመሳሳይ ነገር አድርጋለች። ውበት በትረ መንግሥትሽ ነው እየተባለች ያደገች ሴት አእምሮዋ በሰውነቷ ልክ ይቀረጻል፤ በወርቅ በተለበጠ የወፍ ቀፎዋ ውስጥ እየተንጎራደደ እስር ቤቱን ያስጌጣል አለች። ከፖፕ ጌጥ ቤት የወጡት ዕቃዎች እዚህ የእስር ቤት ማስዋቢያ ሆነዋል። ዕቃው ያው ነው፤ ከውስጥ ሲታይ ነው የተለየው።

ጆንሰን ለእኛ ሩቅ ሰው አይደለም። የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1735 የወጣው የፖርቱጋላዊው ካህን የሎቦ የሐበሻ ጉዞ ትርጉም ነበር። በ1759 እናቱ ስትሞት የቀብር ወጪዋን ለመሸፈን በአንድ ሳምንት ምሽቶች የጻፈው «ራስላስ» በአማራ ግዛት ውስጥ በተራሮች በታጠረ ሸለቆ ስለሚኖር የሐበሻ መስፍን ነው። ስሙን የወሰደው ሎቦ ካነሣቸው ከዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ እንደሆነ ይታመናል። መጽሐፉን ስራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታል። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሸለቆውን ነው፤ ስለ አእምሮ ያለው ትልቁ ነገር ግን ካይሮ ውስጥ ይገኛል።

እዚያ አንድ ሊቅ የከዋክብት ተመራማሪ አለ። ደግ፣ ትሑት፣ ለሰው የሚያዝን ሰው ነው። ከመስፍኑ አማካሪ ከኢምላክ ጋር ወዳጅነታቸው ሲጠና ምስጢሩን ያወጣል፤ አምስት ዓመት ሙሉ የዓለምን አየር ጠባይ ሲያስተዳድር የኖረው እሱ ነው። ፀሐይ ይታዘዘዋል፣ ደመና በቃሉ ይዘንባል፣ ዓባይ በትእዛዙ ይሞላል። ነፋስ ብቻ እምቢ ብሎታል። እብሪት የለበትም፤ ጭንቀት ነው ያለው። ዝናቡን ለአገሮች በፍትሕ ለማካፈል ሲያሰላ እንቅልፍ አጥቷል፤ ሳይሞት ሥልጣኑን የሚረከበው ታማኝ ሰው ይፈልጋል።

ኢምላክ ይህን ለመስፍኑና አብረውት ላሉት ሲነግር የመስፍኑ እህት ልዕልቲቱ ፈገግ ትላለች፣ ደንገጡሯ በሣቅ ትፈርሳለች። ኢምላክ ይቆጣል። በጥብቅ ከተነጋገርን አእምሮው ፍጹም ደህና የሆነ ሰው ላይኖር ይችላል ይላል፤ ምናብ በአመክንዮ ላይ የሚያገኘው ሥልጣን ሁሉ የእብደት ደረጃ ነው። የፖፕ ሰው «ነፋሱ ወሰደኝ» ይላል፤ የጆንሰን ተመራማሪ የተገላቢጦሽ የዓለምን ፀሐይና ዝናብ ሁሉ በራሱ ላይ ይጭናል። ሁለቱም የተጠያቂነት ሕመምተኞች ናቸው፣ አንዱ ምንም አይሸከምም፣ ሌላው ሁሉን ተሸክሟል። የሚያድነውም መድኃኒት አይደለም። የሣቁበት ሴቶች እየተመላለሱ ሲያጫውቱት፣ ሰው መሐል ሲውል፣ ደመናው ቀስ በቀስ ከእጁ ይወጣል።

ጆንሰን ራሱን እያየ ነበር የጻፈው። ወዳጁ ጄምስ ቦዝዌል በ1791 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የጆንሰንን አእምሮ በሮማው ኮሎሲየም መስሎታል። መሐሉ ላይ ፍርዱ እንደ ብርቱ ተፋላሚ ቆሟል፤ ፍርሃቶቹ እንደ አራዊት ዙሪያውን በየጎሬው ሆነው ሊለቀቁበት ይጠብቃሉ። ይፋለማቸዋል፣ ወደ ጎሬያቸው ይመልሳቸዋል፣ ግን አይገድላቸውም፤ ተመልሰው ይመጣሉ። በዚህ ምስል ውስጥ የሚመካኝበት ነፋስ የለም። ተፋላሚው ደክሞታል እንጂ ሜዳውን አልለቀቀም።

ከሁሉም ይልቅ ምስልን በአግባቡ የያዘ ሰው ምረጥ ብባል ግን፣ ባሪያውን ይቅር ካልኩት፣ ሂዩምን እመርጣለሁ። አእምሮ እንደ ቲያትር ያለ ነገር ነው ብሎ ይጀምራል፤ ስሜቶች ይገባሉ፣ ይመላለሳሉ፣ ይወጣሉ። አንባቢው መድረኩን በዓይኑ መሣል ሲጀምር ወዲያው ያቋርጠዋል፦ ይህ ንጽጽር እንዳያሳስተን። ትዕይንቱ የሚታይበት ቦታ የት እንደሆነ፣ ከምን እንደተሠራ ምንም አናውቅም። ያቀረበውን ምስል መልሶ ይነጥቀናል።

ስለ ኮምፒውተር የሚጽፉ ድርጅቶች ይህን መንጠቅ አይወዱትም። በ2022 አያቱ የሞቱበት አንድ ካናዳዊ የአንድ አየር መንገድን ቻትቦት ስለ ሐዘን ጉዞ ቅናሽ ጠየቀው። አሁን ሙሉውን ከፍለህ ብረር፣ በኋላ ቅናሹን ትጠይቃለህ አለው። ስሕተት ነበር፤ ኩባንያው አልከፍልም አለ። ጉዳዩ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ክርክር ሰሚ አካል ፊት ሲቀርብ ኩባንያው ቻትቦቱ ለድርጊቱ ራሱ የሚጠየቅ የተለየ ሕጋዊ አካል ነው የሚል ክርክር አመጣ። ለ«ቃዠ» የመጨረሻው ደረጃ ይኸው ነው። የካቲት 2024 ላይ የተሰጠው ውሳኔ አጭር ነበር። ድረ ገጹ ላይ ለሚወጣው መረጃ ሁሉ፣ ተራ ገጽ ላይም ይጻፍ ቻትቦትም ይናገረው፣ ኃላፊው ድርጅቱ ነው። ለሐዘንተኛው ወደ 800 የካናዳ ዶላር እንዲከፈለው ተወሰነ።